በጥር የሚሞላ፣ በነሐሴ የሚቆጠር መጋዘን፦ ለወረዳችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የሁለተኛ መጋዘን ግንባታ ጥያቄያችንን ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በምዕራብ ጎጃም፣ በቆሎ አብቃይ በሆነ አካባቢ የሚገኝ የአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ያዥ ነኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ነው። እህል ሲገባ የምመዝነው፣ ሲወጣ የማስፈርመው እኔ ነኝ። ቦታ ሲጠፋ "ሞልቷል" ብዬ ሰው የምመልሰውም እኔው ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት በእጄ ይሁን እንጂ ነገሩ የአባላቱ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ተነጋግረንበታል፤ "አንተ ጻፈው፣ ቤቱን የምታውቀው አንተ ነህ" ተብዬ ነው።

ያስጻፈን ባለፈው ወር የደረሰን መልሳችሁ ነው። ሁለተኛ መጋዘን እንድንሠራ እንዲፈቀድልንና እንድንደገፍ ስንጠይቅ ይህ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። መልሱ ነባሩ መጋዘን 5 ሺህ ኩንታል እንደሚይዝ፣ በዓመት በአማካይ ከግማሽ በታች እንደሚያገለግል፣ ስለዚህ ጥያቄው ለጊዜው ተቀባይነት እንዳላገኘ ይገልጻል። ጉባኤው ላይ ሲነበብ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው "ታዲያ እኔን በጥር ማን መለሰኝ?" አሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ሜትር ይዤ ሄጄ ቤቱን ለካሁት።

መጋዘናችን 20 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው 4 ሜትር ተኩል ይሆናል። ሲባዛ 900 ሜትር ኩብ ይመጣል። በጆንያ ያለ በቆሎ ቶኑ 1.8 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል። ስታካፍሉት 500 ቶን ነው፤ 5 ሺህ ኩንታል ማለት ነው። የእናንተ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ሂሳቡ አልተሳሳተም። ግን 5 ሺህ ኩንታል የሚገባው እህሉ ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ቆርቆሮ ድረስ ሲታጨቅ ብቻ ነው። ያኔ በሩም አይከፈትም።

የእናንተው ባለሙያዎች ሲያሠለጥኑን ያሉን ሌላ ነው። ክምር ከግድግዳ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ሰው ዙሪያውን ይዙር፣ ይጥረግ፣ ነቀዝ መግባት አለመግባቱን ይይ ብለውናል። መሃል ላይ ተሸካሚ የሚያልፍበት ሁለት ሜትር መንገድ ይተው። የክምሩ ከፍታ ከ3 ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ የታችኛው ጆንያ ይፈነዳል፣ ተሸካሚውም ይወድቃል። ይህን ሁሉ ሳከብር ለእህል የሚቀረኝ ወለል 128 ሜትር ካሬ ነው። በ3 ሜትር ከፍታ ወደ 2,100 ኩንታል ይይዛል። ፋይላችሁ ላይ ካለው ከግማሽ በታች ነው። በደንቡ ልሥራ ብል እውነተኛው አቅሜ ይህ ነው።

ይሄም ቢሆን ቤቱ የእህል ቢሆን ነው።

ቤቱ ግን የእህል ብቻ አይደለም። በቆሎ ወደ እኛ መግባት የሚጀምረው በታኅሣሥ ነው። ጥርና የካቲት ዋናው ጊዜ ነው። ልክ ያን ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣው ማዳበሪያ በዩኒየኑ፣ ማለትም እንደኛ ያሉ ማኅበራት በተሰባሰቡበት ኅብረት፣ በኩል መራገፍ ይጀምራል። ማዳበሪያው የሚመጣበትን ቀን እኛ አንወስንም። መኪናው ሌሊት ይደርሳል፣ "አራግፉ" ይባላል፣ እናራግፋለን። ባለ 50 ኪሎው ኤንፒኤስና ዩሪያ ግማሹን ወለል ይይዘዋል። ገበሬው ለዘር ማውጣት የሚጀምረው በግንቦት ነው፤ ዩሪያው እስከ ሐምሌ ይቆያል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ካምና ያደረ ማዳበሪያ ይኖራል። እሱ ዓመቱን ሙሉ ከጥጉ አይነቃነቅም። ስለዚህ በጥር ለበቆሎ ያለኝ ቦታ አንድ ሺህ ኩንታል ቢሆን ነው። በአንድ ገበያ ቀን ከሰዓት በፊት ሊሞላ የሚችል ነው።

አማካዩ እንዴት ከግማሽ በታች ሆነ? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሂሳብ ይዘጋል፤ ኦዲተርና የመስክ ባለሙያ ወደኛ የሚመጡት በነሐሴና በመስከረም ነው። በነሐሴ በቆሎው ማሳ ላይ ሆኖ ፀጉር እያወጣ ነው። ማዳበሪያውም ወጥቷል። መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ድምፅ ያስተጋባል። ባለሙያው ፎቶ ያነሣል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ይሄዳል። ውሸት አልጻፈም። ያየውን ነው የጻፈው። ግን አንድ ቤት ለስድስት ወር ሞልቶ ሲፈስ፣ ለስድስት ወር ባዶ ሲሆን አማካዩ "በቂ ነው" ይላል። ገበሬ በአማካይ ወር አያጭድም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ ይህ ቁጥር በሰው ላይ ያደረገውን ልንገራችሁ።

አምና በጥር፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት ባሏ የሞተባት አባላችን በሁለት ጋሪ ስምንት ኩንታል በቆሎ ይዛ መጣች። እህሉ የተሞላው በማዳበሪያ ነው፤ ያው እኛ ጋ "ማዳበሪያ" የምንለው ከረጢቱንም ነው። አፉ በቃጫ ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። አንዱን ፈታሁት። ፍሬውን በጥርሴ ሰበርኩት፤ ቀጭ አለ። ደርቋል። አበጥራዋለች፤ ገለባ የለው፣ የተሰበረ የለው። በዚያ ሳምንት ካየሁት ሁሉ የሷ ይበልጥ ነበር። ወደ ውስጥ አስገብቼ ቦታውን አሳየኋት። ዩሪያው እስከ በሩ ደርሷል። "ሞልቷል" አልኳት።

ከበራችን ውጭ ዛፍ ሥር ነጋዴው ሚዛኑን ሰቅሎ ቆሟል። አይሱዙው አጠገቡ ነው። እሱ እዚያ የሚቆመው እኔ ሰው እንደምመልስ ስለሚያውቅ ነው። ዋጋውንም የሚቆርጠው እኔ በመለስኩት ሰው ብዛት ነው። እሷም ወደ ቤቷ ብትመለስ የጋሪውን ኪራይ ሁለት ጊዜ ልትከፍል ነው። ቤቷ ደግሞ አይጥ አለ፤ የልጆቿ መኝታ ከእህሉ ጋር አንድ ክፍል ነው። ስምንቱንም እዚያው ዛፍ ሥር ሸጠችው። ማኅበሩ ሊገዛበት ከነበረው ዋጋ በታች ነው የሸጠችው።

በሐምሌ ተመልሳ መጣች። "ሁለት ኩንታል በቆሎ ሽጡልኝ፣ ልጆቹ የሚበሉት አልቋል" አለች። አልነበረንም። ከገበያ ገዛች፤ በጥር ከሸጠችበት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ በቀረው ዋጋ። እኔ ምንም ያልኳት ነገር የለም። እሷ ግን "አይ ወንድም ዓለም፣ ያን ቀን ጥግ ላይ እንኳ ብትጥልልኝ" አለችኝ።

ጥግ ላይ መጣልም ሞክረናል። ውጤቱን ልንገራችሁ። ካቻምና አባላት አጥብቀው ሲለምኑኝ የአንድ ሜትሩን ደንብ ትቼ እህሉን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁት። ከሥሩም ርብራብ እንጨት አልነበረንም፤ በባዶ ሲሚንቶ ነው ያስቀመጥነው። በመጋቢት ያልታሰበ ዝናብ ዘነበ። ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታ ነበር። ውሃው በግድግዳው ወርዶ ከሥር ገባ። እኔ ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ክምሩ መሃል እጄን ስሰድ ይሞቃል። የታችኛውን ጆንያ ስንገለብጠው ግማሹ በቅሏል፣ ግማሹ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። እንደዚህ ያለ እህል ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ሊኖር ይችላል። ጉበት የሚጎዳ ነው፤ ቢቀቀልም አይለቅም። ላም ብትበላው ወደ ወተቷ ያልፋል። ስለዚህ ለከብት እንኳ መስጠት አልቻልንም፤ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ሲቀበር የቆመው የሰው ብዛት የቀብር ያህል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደንቡን የጣስኩት እኔ ነኝ። ግን ደንቡን ባከብር የምመልሰው ሰው ያን ያህል ይበዛ ነበር።

እህልና ማዳበሪያ አንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ዩሪያ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ያልበዋል። ጠዋት ስከፍት የከረጢቱ ሥር ርጥብ ሆኖ የማገኝበት ቀን አለ። ከረጢቱ ሲቀደድ ነጩ ፍሬ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ጠርገን አንጨርሰውም። አንዲት እናት ከኛ የገዙትን በቆሎ ቤታቸው ሲያበጥሩ ነጭ ነጭ ነገር አግኝተው "ይሄ ጨው ነው?" ብለው ይዘውት መጡ። ዩሪያ ከብት ከላሰው ይገድላል፤ ይህን በገጠር የማያውቅ የለም። በሰው ምግብ አጠገብ መቀመጡ ግን በየዓመቱ እንደ ተራ ነገር ያልፋል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ገዢ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። በአንድ ደረጃ የተበጠረ፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ያልበለጠ 3 ሺህ ኩንታል በቆሎ ፈለገ። ዋጋው ጥሩ ነበር። ምርቱ አባላት ዘንድ ነበር፤ ከዚያም ይበልጣል። ግን 3 ሺህ ኩንታሉን አንድ ላይ አከማችተን፣ አበጥረን፣ ደረጃ አውጥተን የምናቆይበት ቤት አልነበረንም። በየሰዉ ጎታ ያለ እህል ለገዢ "አለን" ተብሎ አይታይም። ውሉ ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ሄደ። ነጋዴው ያስረከበው በቆሎ ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከዛፉ ሥር ነው። የኛው በቆሎ ነው።

ከ2002 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ዩኒየኖች በቆሎ በቅድሚያ ውል ሲገዛ ያተረፉት መጋዘን የነበራቸው ማኅበራት ናቸው። ገበሬው ገዢው ማን እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ሳይወቃ ያውቅ ነበር። ያን ለመድገም የሚያስፈልገን ለዚህ የሚሆን ቤት ነው።

"አባላት በየቤታቸው ያከማቹ" የሚል ሐሳብ ከእናንተ በኩል በቃል ደርሶናል። ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢትም ጠቁማችሁናል። ከረጢቱ ጥሩ ነው፤ እኔም ቤቴ አለኝ። አየር አያስገባም፤ ውስጡ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፣ መድኃኒት አይፈልግም። በደንብ የደረቀ እህል ከሆነ ለቤት ፍጆታ ከሱ የሚሻል አላውቅም። ግን አይጥ ከበሳው ወይም አንድ ሽቦ ከነካው ያበቃል። እርጥብ እህል ከታሰረበት ደግሞ ይበሰብሳል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከረጢት ነቀዝ ይከላከላል እንጂ ነጋዴን አይከላከልም። በየቤቱ የተበተነ እህል በአንድ ድምፅ ዋጋ አይጠይቅም።

ሁሉም ቤት ከረጢት አለው ማለትም አይደለም። ብዙው ሰው አሁንም ጎታና ጎተራ ነው ያለው። የድሮው በቆሎ ለጎተራ ይስማማ ነበር። ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ሽፋኑም እስከ ጫፍ ድረስ ይሸፍነዋል። አሁን የምንዘራው ምርጥ ዘር ቢኤች 660ም ይሁን ሊሙ ወይም ሾኔ ምርቱ ብዙ ነው፤ ጎተራ ሲገባ ግን ነቀዝ ይወደዋል። አንዷ ሴት ነቀዝ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ከታ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ከውጭ ሲታይ ፍሬው ጤነኛ ነው። በሞቀ ጊዜ በአምስት ሳምንት ገደማ አዲሱ ነቀዝ በስቶ ይወጣል። ሌሊት ጸጥ ሲል ጆሮህን ጆንያው ላይ ብታደርግ ይሰማል፤ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚራመድ ነገር ይመስላል። በመጋቢት ጤነኛ የነበረ በቆሎ በሰኔ ስታነሣው ቀሎ ዱቄት ይራገፋል።

ገበሬው ይህን ፈርቶ ምን ያደርጋል? ክኒን ይገዛል። በየገበያው እንደ ከረሜላ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ማለቴ ነው። ይህ ክኒን አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዝን ይገድላል፣ ሰውንም ይገድላል። ሥራ ላይ መዋል ያለበት በደንብ በታሸገ ክምር ላይ፣ በሠለጠነ ሰው፣ ሰው በማያድርበት ቤት ነው። እኛ ጋ ግን ጆንያው አልጋ ሥር ነው፣ ክኒኑ ጆንያው ውስጥ ነው፣ ልጆቹ አልጋው ላይ ናቸው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። መጋዘን ቢኖረን መድኃኒቱን አንድ ቦታ፣ በሠለጠነ ሰው፣ በሸራ ሸፍነን እንሰጠዋለን። ከየቤቱም ይወጣል። ለኔ ከዋጋው ጉዳይ ይልቅ ይሄ ይከብደኛል።

መጋዘን ከግለሰብ ተከራዩ የሚል ሐሳብም ነበር። በከተማው ያሉት መጋዘኖች የነጋዴዎቹ ናቸው። እህላችንን የምናስገባው እዚያው ነጋዴ ቤት ነው ማለት ነው። አልፈለግነውም።

አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ልጨምር። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጋዘን ነበር። ለነሱ መጋዘን ማለት በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ፣ እህላቸውን ወስዶ የሚውጥ ቤት ነበር። ኮታው በ1982 ቢቀርም ስሙ አልቀረም። ማኅበራችን ሲቋቋም እህላቸውን ወደ እኛ እንዲያመጡ ለማሳመን ዓመታት ፈጅቶብናል። አሁን አምነው ሲመጡ እኔ በር ላይ ቆሜ እመልሳቸዋለሁ። አንዱ አባት "ያኔ በግድ ይወስዱት ነበር፤ አሁን በልመናም አትቀበሉን" አሉኝ። ይህ እምነት ከሄደ በኋላ አሥር መጋዘን ብትሠሩ የሚሞላው ሰው አይኖርም ብዬ እፈራለሁ።

በ1993 እና በ1994 የሆነውንም ዕድሜያችሁ የደረሰ ታስታውሱታላችሁ። ዝናቡ ተስማማ፣ በቆሎው ተትረፈረፈ፣ ገበያው ወደቀ። ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ሰው ዕዳውን የሚከፍልበት አጣ። የመሰብሰቢያው ጉልበት ከዋጋው በልጦባቸው በቆሎውን ማሳ ላይ የተዉ ነበሩ። ወዲያው ዝናቡ ቀረና በ1995 በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠበቀ። ያን እህል የሚያቆይ ቤት ቢኖር ኖሮ ድርቁ አይጎዳንም ነበር አልልም። ግን በዓመት ልዩነት እህል ማሳ ላይ የተተወባት አገር ስንዴ በመርከብ ስትጠብቅ ማየት አሁንም ያመኛል። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ማዳበሪያው አይገባም፣ በቆሎው አይወጣም። ያን ጊዜ ያለን እህል መጋዘን ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ሕጉ የሚከለክለን ነገር የለም። በ1996 የወጣው የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372 እህል አስቀምጦ ደረሰኙን ዋስትና አድርጎ መበደር እንዲቻል መንገድ ከፍቷል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147ም ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንደሚቻል ደንግጓል። ያቺ አባላችን ስምንት ኩንታሏን አስቀምጣ የልጆቿን ወጪ የምትሸፍንበት ትንሽ ብድር ብታገኝ በጥር ለምን ትሸጥ ነበር? ግን ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚያስቀምጥበት ደረጃውን የጠበቀ ቤት ያስፈልገዋል። እኔ ዛሬ ደረሰኝ ብሰጥ በዝናብ ለሚበሰብስ እህል ነው የምፈርመው።

እኛ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ አባል ተጨማሪ የማኅበሩን ዕጣ (ድርሻ) እንዲገዛ ወስነናል፣ ቃለ ጉባኤውን አያይዘናል። ድንጋይና አሸዋ እናቀርባለን። መሠረቱን ራሳችን እንቆፍራለን። ከኛ አቅም በላይ የሆነው ብረት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው፤ ደግሞም ከነባሩ መጋዘን አጠገብ ያለው ቦታ በስማችን እንዲሆን የእናንተ ፊርማ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ የኔ የንብረት ያዡ አስተያየት ነው። አንድ ግዙፍ መጋዘን አትሥሩልን። ለምርቃት ያምራል፤ ለሥራ ግን ያስቸግራል። መካከለኛ ሁለተኛ ቤት ይበቃናል። አንዱ በነቀዝ መድኃኒት ሲታጠን ሌላው ይሠራል። አንዱ ለማዳበሪያ፣ አንዱ ለእህል ይሆናል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከሲሚንቶው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፣ ከጣሪያው ሥር በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ ይኑረው። ቆርቆሮው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጥላ ይጣል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ከታሰበበት ብዙ አያስወጣም፤ ከተሠራ በኋላ ግን አይስተካከልም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

አቅማችን በዓመት አማካይ መለካቱ ቀርቶ በጥርና በየካቲት ባለው ሁኔታ ይለካልን። ባለሙያችሁን በጥር፣ በገበያ ቀን ላኩልን። በሩ ላይ ከኔ ጋር ቆሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚመለሰውን ሰውና ኩንታል ይቁጠር። ከዚያ የሚያገኘውን ቁጥር እንቀበላለን።

ያደረ ማዳበሪያ ከኅዳር በፊት ከመጋዘናችን እንዲወጣና አዲሱ የሚራገፍበት የተለየ ቦታ እንዲዘጋጅ ከዩኒየኑ ጋር ተነጋገሩልን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ለዘንድሮ ብቻ እንኳ ቢሆን ግማሽ ወለል ይመልስልናል።

የሁለተኛው መጋዘን ፈቃድና የቦታው ጉዳይ ከሐምሌ በፊት ይወሰንልን። ክረምት ላይ መሠረት አይቆፈርም። ውሳኔው ከሐምሌ በፊት ከደረሰን በጥቅምት እንቆፍራለን፣ ለጥር እናደርሳለን። ውሳኔው በመስከረም ከደረሰን ሌላ አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው። የብድሩን ዋስትና በተመለከተ ዩኒየኑ እንዲቆምልን ድጋፋችሁን በጽሑፍ ስጡን።

እስከዚያው ድረስ አንድ የእርጥበት መለኪያ፣ ርብራብ እንጨትና ማጠኛ ሸራ ይሰጠን። አሁን እርጥበት የምለካው በጥርሴና በጨው ነው፤ ደረቅ ጨውና በቆሎ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ አወዛውዛለሁ፣ ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ "አልደረቀም" እላለሁ። ለጎረቤት ይሠራል፤ ለ3 ሺህ ኩንታል ውል አይሠራም። የነቀዝ መድኃኒት አሰጣጥ ላይም ሁለት ሰው አሠልጥኑልን። በገበያ በግልጽ የሚሸጠውን ክኒን ጉዳይ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ።

ይህን ደብዳቤ ውድቅ ብታደርጉት እንኳ ምክንያቱን በጽሑፍና በቁጥር ስጡን። በጉባኤ የማነበው ነገር ይኑረኝ። ያ አባት እንደገና ተነሥተው ይጠይቁኛልና።

ከአክብሮት ጋር

የማኅበሩ ንብረት ያዥ
በምዕራብ ጎጃም የአንድ ገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር
በጠቅላላ ጉባኤው ውክልና

ግልባጭ፦
ለዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድ
ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት
ለማኅበሩ ቁጥጥር ኮሚቴ